ቤት ሠሪዎቻችን እንዴት ውለው ያድራሉ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፣ ብዙ ሰው ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ግዴታ እንናገራለን ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። ርእሶቹ መልካሞች ናቸው፤ ነገር ግን በየበዓሉ ተደጋግመው የተነገሩ ስለሆኑ እኛ ወደ ሌላ ዞር ማለትን መርጠናል። የምንናገረው ስለ ቤት ሠሪዎች ነው። ይኸውም ሠርተው ስለ ጨረሱት ቤት ሳይሆን ሲሠሩ ስለሚውሉት ውሎ ነው፤ ማለዳ ምን እንደሚያደርጉ፣ ከማን ጋር እንደሚከራከሩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ እጃቸው የለመደውን ጥበብ ለልጅ እንዴት እንደሚያቀብሉ ነው።

አንትሮፖሎጂ የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ የሰውን ኑሮና ልማድ ከሰዎቹ ጋር አብሮ እየዋለ የሚያጠና ነው። ቀድሞ የዚህ ትምህርት ሊቃውንት ከአገራቸው ርቀው ወደ ሌላ ሕዝብ መሄድ ያዘወትሩ ነበር። ኋላ ግን አንዳንዶቹ ወደ ገዛ ከተማቸው ተመልሰው፣ በየቢሮው የሚውለውን ባለሙያ እንደ አንድ ነገድ ይመለከቱት ጀመር። በአሜሪካ ዳና ከፍ የተባለች ምሁር በ1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣችው መጽሐፍ፣ የአርኪቴክት ሥራ ብቻውን ተቀምጦ ሥዕል መሣል ሳይሆን አብዛኛው ስብሰባ፣ ድርድርና ማግባባት መሆኑን አሳየች። በእንግሊዝ አገርም ቶማስ ያሮ የተባለ የዳራም ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በኮትስዎልድስ ገጠር ባለች በአንዲት ትንሽ የአርኪቴክቶች ቢሮ ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር እየዋለ ያየውን በ2019 አሳትሟል። ከሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን ግን የትሬቨር ማርሻንድ ሥራ ነው። ይህ ሰው በየመን በሰንዓ ከተማ ሚናራ ከሚሠሩ ግንበኞች ጋር፣ በኋላም በማሊ አገር በጄኔ ከተማ ከጭቃ ቤት ሠሪዎች ጋር እንደ አንድ ተራ ሠራተኛ ጭቃና ጡብ እያቀበለ ጥበቡን ከእጃቸው ተምሯል። እነዚያ ሊቃነ ግንበኞች ሲያስተምሩ ብዙ እንደማይናገሩ፣ ተማሪውም በዓይኑና በጡንቻው እንደሚማር ጽፏል።

እንግዲህ ፈረንጅ እስከ ማሊ ሄዶ ጭቃ ካቀበለ፣ እኛ በደጃችን ያለውን ለማየት ምን አነሰን? እንዲህ ተባብለን፣ በዚህ ዓመት በበጋው ወራት ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ከአሊዩ አምባ ጥቂት ወጣ ብሎ አንድ ቤት ሲሠራ ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ ተከታትለናል። የቤቱ ሠሪ ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ አልፈቀዱምና እኛም እዚያ ስንጠራቸው እንደነበረው «ጋሼ» ብቻ እንላቸዋለን። የቤቱን ባለቤትም «እትዬ» እንላቸዋለን።

ወደ ውሎው ከመግባታችን በፊት ስለ አገራችን ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ግርጌ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠች የገበያ ከተማ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የሚመጣው ቅፍለት ግመሎቹን የሚያራግፈው በዚህ አካባቢ ሲሆን፣ በዓርብ ገበያዋ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ሐረሪው፣ ከደጋ የወረደው አማራና ኦሮሞ ይገናኙባት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዚሁ አልፎ ወደ ንጉሡ ወጣ። ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪምም በ1842 አሊዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ ተቀምጦ፣ ያየውን በሁለት ቅጽ ጽፏል። የሃሪስ ሰዎች ለንጉሡ በጎቲክ ስልት አንድ ቤት ሠርተውላቸው ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣ ባለሙያ ለትልቅ ሰው ቤት ሲሠራ ታሪክ ወዲያው ይጽፍለታል፤ የአገሬውን ግንበኛ ስም ግን ማንም አልጻፈም።

ድንጋይ መካብ በይፋት አዲስ ነገር አይደለም። ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት የነበረው የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍራሽ፣ ኖራ፣ አስበሪና መሳል የተባሉት፣ በቆላው ጠርዝ ባሉት ኮረብቶች ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ። የፈረንሳይ አገር የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት መስጊዶቻቸውንና የቤቶቻቸውን ግንብ ለክተው ጽፈዋል። በሰሜን በኩል በከሚሴ አካባቢ ያለችው የአርጎባዎች መንደር ሾንኬም ግንባቸው ድንጋይ፣ ጣሪያቸው አፈር የሆኑ ቤቶች አሁንም ሰው የሚኖርባቸው ናት። ስለዚህ ጋሼ ድንጋይ ሲያነሡ በረጅም ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ቤት የሚሠራው በበጋ ነው። ምክንያቱም ከመኸር በኋላ ጭድ ይገኛል፣ ሰውም ከእርሻ ይፈታል፣ ጭቃውም ዝናብ ሳይመታው ይደርቃል። ነገር ግን በጋ ውኃ የሚያጥርበት ወራት ነው፤ ጭቃ ደግሞ ያለ ውኃ አይቦካም። ይህ ችግር በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሴቶቹና ልጃገረዶቹ ከወንዝ በጀሪካን፣ ባስ ሲልም በአህያ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ግንበኛው «ዛሬ ጭቃ አለቀብን» ባለ ቁጥር አንዲት ሴት ተራራ ትወርዳለች ማለት ነው።

ቦታው በተመረጠ ቀን ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ምንም አለመሥራት ነው። ግማሽ ቀን ያህል ተዳፋቱን ወጡ፣ ወረዱ፤ የክረምት ጎርፍ የሄደበትን ፈለግ በዱላቸው እያመለከቱ ጎረቤቶችን ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ችካል ተክለው ገመድ ወጠሩ። ልኩ ርዝመቱ 14 ክንድ፣ ወርዱ 10 ክንድ ነበር። ይሁን እንጂ የማን ክንድ? የጋሼ ክንድ በእኛ ማስመሪያ 48 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ የአናጢው ግን 45 ብቻ ነው። አናጢው በራሱ ክንድ እንጨት ቢቆርጥ ወራጁ ግንቡ ላይ አይደርስም። ጋሼ ይህን አሳምረው ያውቁታልና አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በራሳቸው ክንድ ልክ ቆርጠው ለአናጢው ሰጡት፤ ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ሕግ የሆነው ያ ዘንግ ነው። ፈረንሳዮች ሜትርን ለዓለም ያወጡበትን ምክንያት በክፍል ውስጥ ስንማር አንቀላፍተን ነበር፤ እዚያ ግን በደንብ ገባን።

ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥም ገመዱን ከጥግ ወደ ጥግ፣ ቀጥሎም በሌላው ጥግ ወጥረው ሁለቱን አስተያዩ። አንደኛው ረዘመ፤ ችካሉን ነቀል አድርገው ገፋ አደረጉት። እንደገና ሲለኩ ልዩነቱ ከሁለት ጣት አልበለጠም። እኛ ደግሞ የሒሳብ መምህራችን ባስተማሩን በፓይታጎረስ ደንብ ብናሰላው፣ 6 ሜትር ከ72 በ4 ሜትር ከ80 ለሆነ ቤት ሰያፉ 8 ሜትር ከ26 ሳንቲ ሜትር ግድም መሆን አለበት፤ ገመዱም ያንኑ መሰከረ። ለጋሼ ይህን ስንነግራቸው «እንዲያው ደክማችሁ ልጆቼ፤ ገመዱ ነግሮኝ የለ?» አሉን።

ሥራው የሚጀምረው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ከባዱ ድንጋይ ይነሣል። 4 ሰዓት ሲሆን ቁርስ ይቀርባል፤ ቀትር ላይ ሁሉም ወደ ጥላ ይሸሻል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ እስኪመሽ ይሠራል። የጋሼን ውሎ ስንመዘግብ ያስገረመን፣ ድንጋይ የሚያነሡበት ጊዜ ከቀናቸው ከግማሽ ያነሰ መሆኑ ነው። የቀረውን ጊዜ ያዩበታል፣ ይጠብቁበታል፣ ይነጋገሩበታል። ድንጋይ ሲመጣላቸው በመዶሻ ኳ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ለማዕዘን ይሆናል፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ የተሰነጠቀ ነውና ለመሙያ ይጣላል። ቀጥለው «ፊቱን» ይፈልጋሉ። ከግንቡ አንድ ጎን እስከ ሌላው የሚደርሱትን ረጃጅም ድንጋዮች ለብቻ ያስቀምጣሉ፤ በየጥቂት ክንዱ አንዱን አጋድመው የግንቡን ሁለት ፊት ያሳስሩበታል። በመካከል የሚቀረው ክፍተት በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። አብሯቸው የሚሠራ አንድ የ16 ዓመት ልጅ አለ። በአንድ ሙሉ ቀን ለዚህ ልጅ የተናገሩትን ብንቆጥር ከጥቂት ቃላት አያልፍም፤ «አዙረው»፣ «አይደለም»፣ «ቱንቢውን»፣ «እህ»። ልጁ ግን «እህ» ሲባል ደስ የተሰኙበትንና የተቆጡበትን አሳምሮ ይለያል። ማርሻንድ በሰንዓ ያየው ይህንኑ ነው።

ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ ግማሾቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ይህ ለእኛ አገር የተለመደ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ በሥራ ቀን መቁጠሪያ ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው። ዓርብ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ግንቡ እኩለ ቀን ላይ ይቆማል፤ እሑድ ክርስቲያኖቹ አይመጡም፤ በወር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ነው። ጋሼ እነዚህን ሁሉ በልባቸው ይዘው፣ የትኛው ቀን ጭቃ የሚቦካበት፣ የትኛው ቀን እንጨት የሚላጥበት እንደሆነ ይደለድላሉ። ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ማደር ስላለበት፣ የበዓሉ ቀን ለጭቃው መብሰያ ይሆነዋል። ማዕዱም እንዲሁ በጥበብ የተሠራ ነው። በደቦው ቀን ሥጋ ቢታረድ አንዱ ወገን ጾሙን ይውላልና እትዬ ሽሮና ንፍሮ፣ ዳቦና ቆሎ አቀረቡ፤ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቀሪቦና ቡና ነበረ። ምሳው ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ በየእምነታቸው መረቁ። አንድ የቤት ሥራ ቢሮ እንዲህ ያለውን ነገር የሰው ኃይል አስተዳደር ብሎ በትልቅ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ክርክሩ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የእትዬ ልጅ በዓረብ አገር የሚሠራ ሲሆን ገንዘቡን የሚልከው እርሱ ነው። በስልክ የአንድ ቪላ ሥዕል ላከ፤ ፊት ለፊቱ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሰፊ በረንዳና ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ያሉት ነው። እትዬም ሥዕሉን አይተው ልባቸው ሄደ፤ ይህን ማንም አይፈርድባቸውም፤ ልጃቸው የለፋበት ገንዘብ ለመንገደኛ እንዲታይ ቢፈልጉ የእናት ወግ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የተቆረጠ ነው። ሥራው የተያዘው በቁርጥ ስለሆነና ቀብዱም ስለተከፈለ ለበረንዳው የሚሆን ገንዘብ ከሌላ ነገር ላይ መቀነስ ነበረበት። አንድ ዘመዳቸው «እንጨቱ ይቀነስ» ብሎ መከራቸው።

እንጨቱ የተባለው ምን እንደሆነ እናስረዳ። ጋሼ ግንቡ መስኮት ከሚያርፍበት ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ እንደገናም ከበሩ በላይ፣ በግንቡ ሁለት ፊት ላይ ረጃጅም እንጨት አጋድመው በአጫጭር እንጨት እንደ መሰላል ያያይዙታል፤ በማዕዘን ላይም አንዱን በሌላው አነባብረው በችንካር ይቸነክሩታል። ይህ ቤቱን አራት ማዕዘኑን ዞሮ የሚያስረው ሲሆን ጋሼ «የግንቡ መቀነት» ይሉታል። ወይራ ቢሆን ይመርጡ ነበር፤ ወይራ ግን ዛሬ እንደልብ አይገኝም፤ ባሕር ዛፉን ቅርፊቱን ልጠው፣ ምስጥ እንዳይበላው በእሳት ለብለብ አድርገው ይጠቀሙበታል። ግንቡ ካለቀና ከተለሰነ በኋላ መቀነቱ አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነስ ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። ስልኩን ተቀብለው ከልጁ ጋር ተነጋገሩ። «ልጄ፣ ሥዕሉ ውብ ነው። ሥዕሉ ያለበት አገር ግን ሜዳ ነው፤ እናትህ የምትተኛው ገደል ላይ ነው። ያለ መቀነት ከፈለግህ ሌላ ሰው ፈልግ፤ ቀብድህን እመልሳለሁ» አሉት። ጸጥታ ሆነ። እትዬ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። በማግስቱ ሥራ የለም ብለን ነበር፤ ሆኖም ማለዳ ስንመጣ እትዬ ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ ሽማግሌም ተቀምጧል። በስምምነቱ በረንዳው ቀረ፤ ከሁለቱ ትልልቅ መስኮቶች አንዱ ጠበበ፤ ሲሚንቶው ፊት ለፊት ላይ ብቻ እንዲሆን ተፈቀደ፤ መቀነቱም ሁለቱም ታሠሩ። ዳና ከፍ በአሜሪካ ቢሮዎች ያየችውን ድርድር እኛ በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ አየነው።

ጋሼ ስለ መቀነቱ ይህን ያህል የጨከኑበትን ምክንያት ኋላ ጠየቅናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ማጀቴን አይቻለሁ» አሉን። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሶ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ያለ መጠጊያ አስቀርቷል፤ የአዲስ አበባና የደሴ መንገድም ተሰነጣጥቆ ነበር። ጋሼ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ሆነው በአባታቸው ትከሻ ላይ ነበሩ። አባታቸውም ግንበኛ ነበሩና የወደቀውንና የቆመውን እያነጻጸሩ ዞሩ ይላሉ። ይህን መንቀጥቀጥ ፒየር ጉዋን የተባሉት ካናዳዊ ካህን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሬት ፊዚክስ ጣቢያ ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ አጥንተው፣ በ1979 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ መዝግበውታል።

ይህ የጥንት ተረት እንዳይመስላችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአፋር ክልል በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ መክረሙን፣ በታኅሣሥ ወር ማብቂያም ከ5 ነጥብ 5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ እስከ አዲስ አበባ መሰማቱን፣ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብም ከቀየው እንዲነሣ መደረጉን ሁላችንም እናስታውሳለን። የዶፈን ተራራ ከዚህ ቆላ ወዲያ ማዶ ነው። በዚያ ወራት ብዙዎቻችን በረንዳና ደጅ ላይ አድረናል። ሰዎችም ግድግዳቸው ሲሰነጠቅ የጠሩት መሐንዲስ አልነበረም፤ የጠሩት ጋሼን ነው። ከቤት ቤት እየዞሩ ስንጥቁን በጣታቸው እየለኩ፣ «ይህ የልስን ነው፣ አትፍሩ»፣ «ይህ ግን የግንብ ነው፣ ልጆቹን አውጡ» ይሉ ነበር። ለዚህ ማንም አልከፈላቸውም።

የሕጉን ነገር ስንጠይቅም አንድ ነገር ተረዳን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት መደብ የከፈለ ሲሆን፣ በቀጥታ የሚመለከተው ግን ሕዝባቸው 10,000 የደረሱ ከተሞችን ነበር። እንግዲህ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ለትልቁ ከተማ ሲታሰብ የገጠሩና የትንሹ ከተማ ቤት በግንበኛው ሕሊና ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሕሊናው ያለው ሰው ጋሼን የመሰለ ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነስ?

ስለ ሴቶቹ ሥራ ሳንጠቅስ ብናልፍ ትልቅ ግድፈት ይሆናል። ግንቡ ቆሞ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ወንዶቹ «ቤቱ አለቀ» ብለው ሄዱ። ቤቱ ግን አላለቀም። እትዬና ጎረቤቶቻቸው ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሠርተዋል። ግድግዳውን በውስጥ መረጉ፤ ወለሉን በእበት ለቀለቁ፤ መደቡን በጭቃ ከመሩ፤ ምድጃውን አቆሙ፤ በግድግዳው ውስጥ ለኩራዝና ለስኒ የሚሆን ጉድጓድ አበጁ። መደቡ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን የወሰኑት አንዲት አሮጊት እናት ተቀምጠው ጉልበታቸው ሳያመም መነሣታቸውን በመሞከር ነው። እንዲህ ያለውን ልኬት በአንድም መጽሐፍ አላየንም። በክበባችን ካሉት ልጃገረዶች አንዷ «አርኪቴክት ማለት ሰው በቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር አስቀድሞ የሚያስብ ከሆነ፣ እነዚህ ምን ተብለው ይጠሩ?» ስትል ጠይቃለች፤ ጥያቄዋን እንዳለ አቅርበነዋል።

አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ ስለሚሠሩት አርኪቴክቶች ጥቂት እንበል። በአገራችን ዘመናዊው የሕንፃ ትምህርት በ1947 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተጀመረ፤ ይህ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደታ አካባቢ ያለው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያዊው አርኪቴክት ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ከዛልማን ኤናቭ ጋር በአዲስ አበባ ቢሮ ከፍተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን፣ የፍልውኃን መታጠቢያና ሌሎችንም ሕንፃዎች ነድፈዋል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽን የነደፉት ኢጣሊያዊው አርቱሮ መዘዲሚ ናቸው፤ በመስታወቱም ላይ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕል አለ። በቅርብ ዘመንም አርኪቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ዤራር ጋር ሆነው የአዲስ አበባን የቀድሞ ቤቶች አጥንተው በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጽሐፍ አውጥተዋል። በመጨረሻ የጠቀስናቸውን ለየት አድርገን የምናነሣቸው፣ የተማረ አርኪቴክት አዲስ ቤት ከመንደፉ ሌላ የቆመውንም ቤት ማንበብ ሥራው መሆኑን ስላሳዩ ነው።

ከክበባችን ሦስት ልጆች አርኪቴክት መሆን ይፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ የግንበኛ የልጅ ልጅ ነው። ጥናቱ ሲጀመር ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ምክንያቱንም ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ሲሰደብና ሲናቅ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ ሥራን የሚያጠፋ መሆኑን ስላዩ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ዛሬም ቢሆን አንድ ልጅ ከፈተና ሲወድቅ «እንግዲህ ድንጋይ ትሸከማለህ» እንለዋለን። ይህን ንግግር የምትሰሙ ወላጆችና መምህራን፣ እባካችሁ ይህን አባባል ተዉልን። ጋሼ ድንጋይ ይሸከማሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ማን ቤቱ ውስጥ ይተኛ፣ ማን ይውጣ ብለው የወሰኑትም እርሳቸው ናቸው።

ጋሼ ከሚያሠለጥኑት ከዚያ የ16 ዓመት ልጅ በቀር ተማሪ የላቸውም። እርሱም ሸዋ ሮቢት ሄዶ ብሎኬት መደርደር እንደሚሻለው፣ በቀን የሚከፈለውም የበለጠ እንደሆነ ነግሮናል። እውነቱን ነው፤ እኛም «ቆይ» ልንለው አልደፈርንም። ብሎኬትና ቆርቆሮም ክፉ አይደሉም፤ ቆርቆሮ የሣርን ክዳን የእሳት ፍርሃት አስቀርቷል፤ እትዬም በቆርቆሯቸው ደስ ብሏቸዋል። ነገር ግን ልጁ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲሄድ መቀነቱን የማሰር ዕውቀት አብሮት ይሂድ፤ በብሎኬቱም ውስጥ የሚያስር ብረት ሳይኖር ግድግዳ እንዳያቆም። ስለዚህ ክበባችን ከጋሼ ጋር ተነጋግሮ የመቀነቱን አሠራር በየደረጃው በሥዕል አንስቷል፤ የማዕዘኑን አያያዝ፣ የአጫጭሩን እንጨት ርቀት፣ የሚያስሩትን ረጃጅም ድንጋዮች አቀማመጥ በልኩ አስፍረናል። ጋሼ ሥዕሉን አይተው አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «አይደለም» አሉ፤ እርሱንም አስተካክለናል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት «እህ» አሉ፤ ልጁ ይህኛው የደስታው ነው ብሎ ተረጐመልን።

ሥዕሎቹ ዘጠኝ ናቸው። ከቤተ መጻሕፍቱ በስተግራ ባለው ክፍል ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ያሰባሰብናቸው የግንበኛና የአናጢ ቃላትም ከሥራቸው ተጽፈዋል። ጋሼ ራሳቸው ከምሳ በኋላ በዚያ ይገኛሉ፤ በቤቱ ውስጥ ስንጥቅ ያየ ሰው ካለ በዚያ ሊጠይቃቸው ይችላል።